የዳክዬ አደን ወቅት ሲያበቃ፦ በደማምና በአካባቢዋ የሚኖር ሰው ጉዞውን ከማቀዱ በፊት ሊያውቀው የሚገባ

በሳውዲ ዓረቢያ ምሥራቃዊ ክልል ብርዱ በሚበረታባቸው ወራት በደማም፣ በኹበር፣ በቀጢፍና በጁበይል ዙሪያ የሚገኙ የባሕር ዳርቻዎችና ኩሬዎች ከሰሜን በሚመጡ የውሃ ወፎች ይሞላሉ። ከእነዚህም መካከል በብዛት የሚታዩት የተለያዩ የዳክዬ ዓይነቶች ናቸው። አየሩ ለጉዞ ተስማሚ በመሆኑ በርካታ ቤተሰቦችና የሥራ ባልደረቦች በሳምንቱ የዕረፍት ቀናት ወደ በረሃና ወደ ውሃ ዳር ይወጣሉ። ከእነርሱም ጋር በሹፌርነት፣ በምግብ አብሳይነት፣ በእርሻ ጠባቂነት ወይም እንዲሁ በጓደኝነት የሚጓዙ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም።

በዚህ ጊዜ ደጋግሞ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው። «መሬቱ የማንም አይደለም፣ ወፉም የማንም አይደለም፤ ታዲያ ጥቂት ዳክዬ ብናድን ምን ችግር አለው?» የሚል ነው። የጥያቄው መነሻ ስሕተት ነው። መሬቱ የመንግሥት ነው፣ ወፉም በሕግ የተጠበቀ ነው። ከዚህም በላይ በክልሉ ዳክዬ በብዛት የሚገኝባቸው ቦታዎች በአብዛኛው አደን ፈጽሞ የተከለከለባቸው ናቸው። ይህ ጽሑፍ ሕጉ ምን እንደሚል፣ በወቅቱ ማብቂያ ላይ ስሕተት የሚበዛው ለምን እንደሆነ፣ እንዲሁም በእነዚህ ወራት ወደ ውሃ ዳር የሚደረግ ጉዞ ያለ ቅጣትና ያለ ጸጸት እንዴት ሊታቀድ እንደሚችል ያብራራል።

ሕጉና አስፈጻሚዎቹ

በሳውዲ ዓረቢያ የዱር እንስሳትና የአእዋፍ ጉዳይ የሚመራው እ.ኤ.አ. በ2020 በንጉሣዊ ድንጋጌ በወጣው የአካባቢ ጥበቃ ሕግና እርሱን ተከትለው በወጡ ማስፈጸሚያ ደንቦች ነው። የዱር ሕይወት ልማት ብሔራዊ ማዕከል የአደን ወቅትን ያውጃል፣ የሚፈቀዱትን የወፍ ዓይነቶች ይዘረዝራል፣ ፈቃድም ይሰጣል። ፈቃዱ የሚጠየቀው «ፊጥሪ» በተባለው የማዕከሉ ኤሌክትሮኒክ መድረክ ነው። በመስክ ላይ ቁጥጥር የሚያደርገው ደግሞ በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥር ያለው የአካባቢ ደኅንነት ልዩ ኃይል ነው።

አንባቢ በመጀመሪያ ሊይዘው የሚገባው ቁም ነገር፣ በዚህ ሕግ መሠረት አደን በመደበኛው የተከለከለ፣ በልዩ ሁኔታ ብቻ የሚፈቀድ ተግባር መሆኑን ነው። በማዕከሉ ዝርዝር ውስጥ ስሙ ያልሰፈረ ወፍ «አልተከለከለም» ተብሎ አይታደንም። ዝርዝሩ ውስጥ ያለውም ቢሆን የሚታደነው በታወጀው ጊዜ፣ በተፈቀደው ቦታ፣ በተፈቀደው መሣሪያ፣ ፈቃድ በተሰጠው ሰው ብቻ ነው። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ድርጊቱ ጥፋት ነው።

የአደን ዘዴም ገደብ አለው። ብዙ ወፎችን በአንድ ጊዜ ለመያዝ የሚያስችሉ መረቦች፣ ወጥመዶች፣ ጋዝና የመኪና ጭስ የተከለከሉ ናቸው። በአንድ ተኩስ ብዙ ጥይት የሚበትነውና በአረብኛ «ሾዘን» የሚባለው ጠመንጃም ለአደን እንዳይውል ተከልክሏል። ይህ ክልከላ ለዳክዬ አደን ልዩ ትርጉም አለው። በሌሎች አገሮች ዳክዬ የሚታደነው በዋናነት በዚሁ ዓይነት ጠመንጃ ነውና። ስለዚህ በማኅበራዊ መገናኛ ላይ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የተቀረጸ የዳክዬ አደን ምስል አይቶ ያንኑ እዚህ ለመድገም ማሰብ ከመነሻው ከሕጉ ጋር ይጋጫል።

ዳክዬው ያለበት ቦታና ሕጉ የዘጋው ቦታ

ማዕከሉ በአደን ወቅት መግለጫዎቹ አደን የማይፈቀድባቸውን ሥፍራዎች ይዘረዝራል። ከተሞችና መንደሮች፣ እርሻዎች፣ የማረፊያ ቤቶችና ሰው የሚኖርባቸው ቦታዎች፣ ወታደራዊና የኢንዱስትሪ ተቋማት፣ ጥብቅ ሥፍራዎች እንዲሁም ታላላቅ የልማት ፕሮጀክቶች የሚገኙባቸው አካባቢዎች በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። ለምሥራቃዊ ክልል ነዋሪ ግን ከሁሉም በላይ የሚመለከተው የባሕር ዳርቻው ክልከላ ነው። በመንግሥቱ የባሕር ጠረፍ ርዝመት ሁሉ ከውሃው ጫፍ ወደ የብስ 20 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ድረስ አደን አይፈቀድም።

ይህን ቁጥር በካርታ ላይ አስቀምጦ ማየት ያስፈልጋል። ደማም፣ ኹበር፣ ዟህራን፣ ሰይሃት፣ ቀጢፍ፣ ታሩት፣ ሰፍዋ፣ ራስ ተኑራና ጁበይል ሁሉም በዚህ መስመር ውስጥ ይወድቃሉ። ከኹበር በስተ ደቡብ ሰዎች የሚዝናኑበት የኒስፍ አል-ቀመር (የግማሽ ጨረቃ) የባሕር ዳርቻም እንዲሁ ነው። የንጉሥ ዓብዱልዓዚዝ ወደብና የነዳጅ ተቋማቱ ከዚህ በተጨማሪ በራሳቸው ደኅንነት ሕግ የተጠበቁ ናቸው። ዳክዬ ደግሞ የውሃ ወፍ ነው፤ ጥልቀት የሌለው ውሃ፣ ጭቃና ሣር ይፈልጋል። ይህ ሁሉ በክልላችን በብዛት የሚገኘው በዚሁ የ20 ኪሎ ሜትር ጠረፍ ውስጥ ነው። ከደማም ተነሥቶ ዳክዬ ለማደን የሚወጣ ሰው ዳክዬውን ያገኘበት ቦታ ራሱ የተከለከለ የመሆኑ ዕድል እጅግ ከፍተኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ከጠረፉ ርቀው የሚገኙ ውሃዎችም በነጻ የተተዉ አይደሉም። ለምሳሌ በአል-አሕሳ የሚገኘው የአል-አስፈር ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2018 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የአል-አሕሳ ኦአሲስ አንዱ ክፍል ነው። በክልሉና በአጎራባች ክልሎች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የተቋቋሙ ንጉሣዊ ጥብቅ ሥፍራዎች አሉ፤ ወደ እነርሱ ለመግባት ብቻ እንኳ ፈቃድ ያስፈልጋል። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ባስጀመረችው የአረንጓዴ ሳውዲ ኢኒሼቲቭ እስከ 2030 ድረስ ከየብሷና ከባሕሯ 30 በመቶውን ለመጠበቅ ግብ ስለያዘች፣ ትናንት ክፍት የነበረ ቦታ ዛሬ ተከልሎ ቢገኝ ሊያስገርም አይገባም። «አምና እዚህ መጥተን ነበር» የሚለው ምክንያት ዘንድሮ አያድንም።

ይህ የመከለል ሥርዓት ለአካባቢው ሕዝብ አዲስ አይደለም። በዓረቢያ ምድር «ሒማ» የሚባለው የግጦሽና የዛፍ ጥበቃ ሥርዓት ከእስልምና በፊት ጀምሮ የነበረ ነው። ዛሬ በመንገድ ዳር ሰሌዳዎች ላይ የሚነበበው «መሕሚያ» (ጥብቅ ሥፍራ) የሚለው ቃልም ከዚያው ሥር የወጣ ነው። በአገራችንም ተመሳሳይ ልማድ አለ። በሰሜን ሸዋ መንዝ የጓሳን ምድር ሕዝቡ «ቀሮ» በተባለ ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ በተወሰነ ጊዜ ብቻ እየከፈተ ለመቶዎች ዓመታት ጠብቆታል። መንዜው ጓሳን ባለቤት የሌለው መሬት እንደማይለው ሁሉ፣ አጥር ያልተደረገለት የሳውዲ በረሃና ውሃ ዳርም ባለቤት አለው።

በሰሌዳ ላይ የሚነበበው ቃል

ከቋንቋ የሚነሣ አንድ ስሕተት እዚህ ላይ መጠቆም ይገባል። በአረብኛ «ሰይድ» የሚለው ቃል የአውሬና የወፍ አደንንም ዓሣ ማጥመድንም በአንድነት ይይዛል። «መምኑዕ አስ-ሰይድ» የሚል ሰሌዳ በባሕር ዳር ያየ ሰው ብዙውን ጊዜ «ዓሣ ማጥመድ ክልክል ነው» ብሎ ብቻ ይተረጉመዋል፤ በበረሃ ያየው ደግሞ «አደን ክልክል ነው» ይላል። ቃሉ ሁለቱንም ስለሚሸፍን ማብራሪያ ካልተጨመረበት በቀር ሁለቱንም ማስወገድ ይመረጣል። ሰሌዳ አለመኖሩም ፈቃድ ማለት አይደለም። የ20 ኪሎ ሜትሩ ክልከላ የሚሠራው በየኪሎ ሜትሩ ሰሌዳ ስለተተከለ ሳይሆን በሕግ ስለታወጀ ነው።

የወቅቱ ማብቂያ ለምን ስሕተት ይበዛበታል?

የአደን ወቅቱ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ቀን በማዕከሉ የሚታወጅ ነው። ወፎቹ ግን አዋጁን አይጠብቁም። ወቅቱ ከተዘጋ በኋላ በየካቲትና በመጋቢት ዳክዬዎች አሁንም በውሃው ላይ በብዛት ይታያሉ። ይህም ሰዎችን ያሳስታል፤ ወፉ እስካለ ድረስ ወቅቱም ያለ ይመስላቸዋል።

ለአማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ሁለት ተጨማሪ መሰናክሎች አሉ። የመጀመሪያው የወር ስም ነው። በመግለጫዎች ላይ የሚጠቀሰው «የናየር» ወይም ጃንዋሪ ወደ አማርኛ ሲመለስ ብዙ ጊዜ «ጥር» ይባላል። ነገር ግን የኢትዮጵያ ጥር በአብዛኞቹ ዓመታት ጃንዋሪ 9 ጀምሮ ፌብሩዋሪ 7 የሚያበቃ ወር ነው። እስከ ጃንዋሪ 31 የተፈቀደን ነገር «እስከ ጥር መጨረሻ» ብሎ የተረዳ ሰው አንድ ሳምንት ሙሉ ከሕግ ውጭ ይቆያል። ሁለተኛው የወቅት ስም ነው። «ሺታእ» የሚለው የአረብኛ ቃል በአማርኛ «ክረምት» ተብሎ ሲተረጎም ኢትዮጵያዊው አንባቢ ሐምሌንና ነሐሴን ያስባል፤ የሳውዲው ሺታእ ግን በእኛ በጋ ውስጥ የሚውል የብርድ ጊዜ ነው። ስለዚህ የአደንም ሆነ የሌላ መግለጫ ቀን ሲነበብ የወሩን ስም ትቶ ቀኑን በቁጥር፣ በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደተጻፈ አረጋግጦ መያዝ ይገባል። መግለጫዎች በሂጅራም በጎርጎርዮሳዊውም ሊወጡ ይችላሉና።

ወቅቱ ወፎቹ ከመሄዳቸው በፊት የሚዘጋው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙዎቹ የዳክዬ ዓይነቶች ተባዕትና እንስት ሆነው የሚጣመሩት ብርዱን በሚያሳልፉበት ቦታ ነው። በጥርና በየካቲት የሚገደል ዳክዬ ከረኀብ ተርፎ፣ ጓደኛውን አግኝቶ፣ ወደ መራቢያው ለመመለስ የተዘጋጀ ነው። በመኸር መጀመሪያ ላይ ከሚገደሉት ወጣት ወፎች ብዙዎቹ በተፈጥሮም ሊሞቱ ይችሉ ነበር፤ በወቅቱ ማብቂያ የሚገደለው ግን የሚቀጥለው ዓመት ዘር ነው። ከዚህም በላይ ወፎቹ ለረጅሙ ጉዞ ስብ የሚያጠራቅሙበት ጊዜ በመሆኑ ባይገደሉም እንኳ ደጋግሞ ማስበርገግ ጉልበታቸውን ያባክናል።

አደን በሰፊው በሚፈቀድባቸው አገሮችም ቢሆን ነገሩ ልቅ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ የውሃ ወፍ አዳኝ የፌዴራል «የዳክዬ ቴምብር» እንዲገዛ ይገደዳል፤ ገንዘቡም ረግረጋማ መሬቶችን ለመግዛትና ለመጠበቅ ይውላል። እ.ኤ.አ. ከ1991 ወዲህ ደግሞ በመላው አገሪቱ ውሃውንና ወፎቹን የሚመርዝ የእርሳስ ጥይት ለውሃ ወፍ አደን ተከልክሏል። የመንግሥት መሬት በየትም አገር ለሁሉም ክፍት የሚሆነው ደንብ ስላለው ነው።

ዓይነቱን ለይቶ ማወቅም በቀላሉ የሚገኝ ችሎታ አይደለም። ተባዕት ዳክዬዎች በቀለማቸው ቢለያዩም እንስቶቹ አብዛኞቹ ቡናማና ዥጉርጉር ስለሆኑ ከሩቅ አንዱን ከሌላው መለየት ያስቸግራል። ወደ ክልሉ ከሚመጡት መካከል ፖቻርድ የተባለው ቀይ ራስ ዳክዬ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ለመጥፋት ተጋላጭ ተብሎ ተመዝግቧል። በተኮሰ ጊዜ ምን እንደገደለ የማያውቅ ሰው ሕጉን መጣሱን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

ቅጣቱና የሠራተኛው ደመወዝ

በይፋ በወጡ መግለጫዎች መሠረት ያለ ፈቃድ ማደን 10,000 ሪያል ያስቀጣል። በተከለከለ ቦታ ማደን 5,000 ሪያል፣ ያለ ፈቃድ ወደ ጥብቅ ሥፍራ መግባትም እንዲሁ 5,000 ሪያል ያስከፍላል። ሾዘን ጠመንጃን ለአደን መጠቀም እስከ 100,000 ሪያል ያደርሳል። ካልተፈቀደ ቦታ እሳት ማንደድ እስከ 3,000 ሪያል ያስቀጣል። ለመጥፋት የተቃረቡ የዱር እንስሳትን መነገድ ደግሞ እስከ 10 ዓመት እስራትና እስከ 30 ሚሊዮን ሪያል መቀጫ የሚያስከትል ከባድ ወንጀል ነው። አንድ ድርጊት ከአንድ በላይ ጥፋት ሊይዝ እንደሚችልም ማስተዋል ያስፈልጋል። ያለ ፈቃድ፣ በተከለከለ ጠረፍ፣ በተከለከለ መሣሪያ የታደነ አንድ ዳክዬ ሦስት ጥፋት ነው።

እነዚህን ቁጥሮች በሠራተኛ ኪስ መመዘን ይገባል። በወር 1,500 ሪያል የሚያገኝ ሰው የ10,000 ሪያል መቀጫ ከስድስት ወር ተኩል በላይ ደመወዙ ነው፤ 100,000 ሪያል ደግሞ ከአምስት ዓመት ተኩል በላይ የሚሠራበት ነው። ይህም ለቤተሰቡ የሚልከውን፣ ለቤት ኪራይ የሚከፍለውን፣ የታመመ ቢኖር የሚያሳክመውን ገንዘብ ሁሉ ሳይነካ ማለት ነው።

ለሠራተኛው ሌላ ጥያቄ ይቀራል። «አሠሪዬ አብረህ ውጣ ቢለኝስ?» መኪና መንዳት፣ ድንኳን መትከል፣ ሻይ ማፍላት ሥራ ነው። ነገር ግን የአደን ፈቃድ በስም የሚሰጥ የግል ፈቃድ ነው፤ አሠሪው ፈቃድ አለው ማለት ሠራተኛው አለው ማለት አይደለም። ስለዚህ የሚከተሉትን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የሌላን ሰው ጠመንጃ «ለአንድ ጊዜ» ብሎ እንኳ አለመተኮስ፤ መረብ አለመዘርጋት፤ የታደነ ወፍ የያዘ ከረጢት በራስ ስም ወይም በራስ መኪና አለማጓጓዝ፤ ከአዳኙ ጋር በምስል ላይ ጠመንጃ ይዞ አለመነሣት። በአክብሮት «ጌታዬ፣ ፈቃዱ ወጥቷል ወይ? ቦታው የተፈቀደ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅም ነውር የለውም። ፈቃዱን በእጁ የያዘ ሰው ጥያቄው አያስቆጣውም።

ተቆጣጣሪዎች ቢያስቆሙ መሸሽ ወይም መከራከር ነገሩን ያባብሳል። ኢቃማን አሳይቶ፣ የሠሩትን በእውነት ተናግሮ፣ አረብኛ የማይገባ ከሆነ አስተርጓሚ መጠየቅ ይገባል። ማንም ሰው ባልገባው ቋንቋ በተጻፈ ወረቀት ላይ ከመፈረሙ በፊት ምን እንደሚል ሊነገረው ያስፈልጋል። ሰነዱን የሚያስተረጉመው ሰው ከጓደኞቹ ባያገኝ ለአሠሪው ወይም ሪያድ ለሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ያሳውቅ።

ያለ ጠመንጃ የሚታቀድ ጉዞ

ከላይ የተባለው ሁሉ ሰው ቤቱ ይቀመጥ ማለት አይደለም። ለአብዛኛው ነዋሪ በዚህ ወቅት ወደ ውሃ ዳር የሚደረገው የተሻለ ጉዞ ዳክዬውን ለማየት የሚደረገው ነው። የወቅቱ ማብቂያም ለዚህ ይመቻል፤ ተባዕቶቹ ሙሉ ላባቸውን ለብሰው የሚታዩበት ጊዜ ስለሆነ መለየት ይቀላል።

ከደማም በአጭር ጊዜ ተነድቶ የሚደረሰው የታሩት ባሕረ ሰላጤ በቀጢፍ፣ በሰይሃትና በሰፍዋ ዳርቻ «ቁርም» የሚባሉት የማንግሮቭ ዛፎች የሚበቅሉበት ነው። ዛፎቹ በጨው ውሃ ውስጥ ቆመው የዓሣና የሽሪምፕ ጫጩት ያሳድጋሉ፤ ለወፎችም መጠጊያ ናቸው። በሰሜን በኩል በጁበይል አጠገብ የሚገኙት የሰብኸት አል-ፈስል ኩሬዎች በዓለም አቀፍ ደረጃ ለአእዋፍ ጠቃሚ ተብለው ከተመዘገቡ ሥፍራዎች አንዱ ናቸው፤ ከዳክዬ በተጨማሪ ፍላሚንጎ ይታይባቸዋል። በስተ ደቡብ ምዕራብ ደግሞ የአል-አስፈር ሐይቅ ከአል-አሕሳ የተምር እርሻዎች በሚወጣ የመስኖ ትራፊ ውሃ የሚመገብ፣ በአሸዋ ክምር የተከበበ ውሃ ነው። ወደ የትኛውም ቦታ ከመሄድ በፊት መግቢያው ክፍት መሆኑን ማጣራት ያስፈልጋል።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ወፎች በብዛት የሚንቀሳቀሱት በንጋትና ከፀሐይ መግቢያ በፊት ነው። በጃንዋሪ ወር በደማም ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ በሳውዲ አቆጣጠር፣ ማለትም በኢትዮጵያ አቆጣጠር 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከሌላ አገር ባልደረቦች ጋር ቀጠሮ የሚይዝ ሰው በየትኛው አቆጣጠር እንደተነጋገረ ያረጋግጥ። በባሕር ዳር ደግሞ የውሃው ሙላትና ጉድለት ወሳኝ ነው። ውሃው ሲሞላ ወፎቹ ወደ ዳር ስለሚገፉ ከመንገድ ሳይርቁ ማየት ይቻላል፤ ውሃው ሲጎድል ግን በጭቃው ላይ ርቀው ይበተናሉ።

ትልቁ የመኪና አደጋ «ሰብኻ» የሚባለው የጨው መሬት ነው። ከላይ ደረቅና ጠንካራ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ጭቃ ነው። መኪና ከተጠረገው መንገድ ከወጣ በቀላሉ ይሰምጣል፤ ለማውጣትም ሌላ መኪና ያስፈልጋል። በብርዱ ወራት የሚወርደው የንጋት ጭጋግም በአውራ ጎዳና ላይ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ወፍራም ልብስ፣ የሚጠጣ ውሃ፣ የተሞላ ስልክና ኢቃማ ከእጅ አይለዩ። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር (ባይኖኩላር) ካለ ደስታው ይበዛል፤ ነገር ግን መነጽሩንም ሆነ የስልክ ካሜራን ወደ ወደብ፣ ወደ ነዳጅ ተቋም ወይም ወደ ወታደራዊ ሥፍራ ማዞር አይገባም። ድሮን ያለ ፈቃድ ማስነሣት ፈጽሞ አይሞከርም።

በቦታው ሲደርሱ ከመኪና ሳይወርዱ ማየት ይመረጣል። ወፎች ከሰው ይልቅ መኪናን ይለምዳሉ። አንገተ ረጅምና ጭራው የሾለው «በልቡል» ይባላል፤ መንቁሩ እንደ ማንኪያ የሰፋው «አቡ መጅረፍ» ነው፤ ራሱ አረንጓዴ የሆነው «ኸዷሪ» ነው፤ ከሁሉም አነስ የሚለው ደግሞ «ሐዘፍ» ነው። ሞቶ ወይም ታሞ የተገኘ ወፍ በእጅ አይነካም፤ የወፍ ጉንፋን ከዱር ወፎች ወደ ዶሮ፣ አልፎ አልፎም ወደ ሰው ሊተላለፍ ይችላልና። እ.ኤ.አ. በ2017 ማብቂያ በሪያድ የወፍ ገበያ የታየው ወረርሽኝ በአገሪቱ በርካታ የዶሮ እርባታዎችን መጉዳቱ ይታወሳል። በተለይ በዶሮ እርባታ የሚሠሩ ወገኖች የውሃ ዳር ጫማቸውን ይዘው ወደ ሥራ ቦታ እንዳይገቡ ይመከራሉ።

ወፎቹ የት ይሄዳሉ?

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ጉዳይ ከመቀጫ በላይ የሚያሳስብበት ሌላ ምክንያት አለው። በደማም ዳርቻ የሚያርፉት ወፎች ከሳይቤሪያና ከመካከለኛው እስያ ተነሥተው በዓረቢያ በኩል እስከ ምሥራቅ አፍሪካ በሚዘልቀው የስደት መሥመር ላይ የሚጓዙ ናቸው። ከእነርሱ መካከል እንደ በልቡልና አቡ መጅረፍ ያሉት ዓይነቶች በጣና፣ በዝዋይ (ደንበል)ና በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይም በእኛ በጋ ወራት ይታያሉ። አረቦቹ ሁለት ዓይነት ሐዘፍ ይለያሉ። «ሐዘፍ ሸተዊ» (የብርዱ ሐዘፍ) እዚሁ ይከርማል። «ሐዘፍ ሰይፊ» (የበጋው ሐዘፍ) ግን ብርዱን ከዚህ በስተ ደቡብ፣ በብዛትም በአፍሪካ ያሳልፍና በየካቲትና በመጋቢት ወደ ሰሜን ሲመለስ በዚህ ያልፋል። የአደን ወቅቱ ከተዘጋ በኋላ በቀጢፍ ውሃ ላይ የሚያርፈው ሐዘፍ ሰይፊ ከጥቂት ሳምንታት በፊት በዝዋይ ዳር ሲመገብ የነበረ ሊሆን ይችላል።

ይህ የተባበረ ጥበቃ የሚፈልግ ጉዳይ በመሆኑ ሳውዲ ዓረቢያም ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1979 በቦን የተፈረመው የፈላሽ የዱር እንስሳት ስምምነት አባላት ናቸው። በአገራችንም የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 የወጣ ሲሆን ያለ ፈቃድ ማደን በዚያም ጥፋት ነው። እዚህ የተማረው ጥንቃቄ ለዕረፍት ወደ አገሩ ለሚመለስ ሰውም ይጠቅመዋል።

የባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ከዚህ ቀደም ምን እንደደረሰበት ማስታወስም ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ወቅት ወደ ባሕሩ የፈሰሰው ነዳጅ በምሥራቃዊ ክልል ሰሜናዊ ጠረፍ በሺዎች የሚቆጠሩ የባሕር ወፎችን ገድሏል። ከዚያ ወዲህ በጁበይል አካባቢ ነዳጅ የነካቸውን ወፎች ለማዳንና ጠረፉን ለመጠበቅ ሰፊ ሥራ ተሠርቷል። ዛሬ በእነዚህ ውሃዎች ላይ የሚታየው የወፍ መንጋ በብዙ ድካም የተመለሰ ነው።

በማጠቃለል፣ በምሥራቃዊ ክልል በወቅቱ ማብቂያ ጉዞ የሚያቅድ ነዋሪ አራት ነገሮችን ይጠይቅ፦ ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር ነው? ቦታው ከባሕሩ ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል? ፈቃዱ በማን ስም ነው? የወፉ ዓይነት በዝርዝሩ ውስጥ አለ? ለአንዱ እንኳ እርግጠኛ መልስ ከሌለው መነጽሩን ይዞ ጠመንጃውን ይተው። ሕገ ወጥ አደን ወይም በአካባቢ ላይ የሚደርስ ጥፋት ያየ ሰው በምሥራቃዊ ክልል፣ በሪያድ፣ በመካና በመዲና ክልሎች በ911፣ በሌሎች ክልሎች በ999 ወይም በ996 ማሳወቅ ይችላል። ሞተው የተገኙ ወፎችን በተመለከተ የአካባቢ፣ ውሃና ግብርና ሚኒስቴር የጥሪ ማዕከል ቁጥር 939 ነው።